የተቀበረ ሰው በበሩ አይገባም

እኔን ማንም አልቀበረኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም፤ የምተርከው ነገር ሁሉ ከዚህ ስለሚነሣ ነው። በእኛ ደሴት በአይጊሎስ፣ ባሕር የሄደ ሰው ጥቂት ክረምት ቆይቶ ካልተመለሰ ቤተሰቡ ሬሳ የሌለው መቃብር ያበጅለታል። ድንጋይ ያቆሙለታል፣ ጥቁር በግ ያርዱለታል፣ ሚስቱ ፀጉሯን ተላጭታ ድንጋዩ ላይ ታኖራለች። ከዚያ ስሙን ወደ ባሕሩ ይጠሩና «ና፣ ማረፊያህ ይኸው» ይሉታል። ይህ ከተደረገ በኋላ ሰውየው ሞቷል። በሕይወት ቢኖርም ሞቷል። እኔ እናቴ ቀድማኝ ሞታለች፤ አላገባሁ፣ አልወለድኩ፤ ጥቁር በግ ይቅርና ጥቁር ዶሮ የሚያርድልኝ አልነበረም። ዴክሲዮስን ግን አሳምረው ነው የቀበሩት። እስከ ዛሬ የሚወራ ለቅሶ ተለቅሶለታል። ጉዱን ያመጣበትም ያው ለቅሶ ነው።

ዴክሲዮስ ጎረቤቴ ነበር። ድንጋያማው ተዳፋት ላይ ወይን ያለው፣ ነገር የማያበዛ፣ ሲስቅ እንኳ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው። ፊሊስታን ካገባ አንድ መኸር በቅጡ ሳያልፍ፣ የወይን ጋኖቹን ጀልባ ላይ ጭኖ በመዳብ ሊለውጥ ተነሣ። ከቀዛፊዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ስሚክሮስ እባላለሁ፤ ትከሻዬን ያየ ቀዛፊነቴን አይጠራጠርም፣ ቁመቴን ያየ ደግሞ ይስቃል። ሌሎቹን ጓደኞቻችንን የባሕሩ አምላክ ፖሴይዶን ወሰዳቸው። እኛን ሁለታችንን ከተሰበረች ጀልባችን ጋር ማንም ስሟን ወደማያውቃት ደሴት ተፋን።

እዚያች ደሴት ላይ ከአንድ ዋሻ ሥር ምንጭ ይፈልቃል፤ ምንጩም ባለቤት አለው። የምንጩ እመቤት ከማይሞቱት ወገን ነበረች። መልኳን ልንገራችሁ ብል አፌ አይችለውም፤ ብቻ እሷ ስታልፍ ሰው በእጁ የያዘውን ነገር ይጥላል። እኔን ደጅ ላይ እንደታሰረ አህያ ነበር የምታየኝ፤ ታበላኛለች እንጂ አታናግረኝም። ዴክሲዮስን ግን የተሰበረ ጎድኑን በገዛ እጇ አሰረችለት፣ ትኩሳቱን በምንጯ ውኃ አበረደችለት፣ ድኖ ሲነሣም ዋሻዋ ውስጥ አስቀመጠችው።

በግድ ያዘችው የሚል ካለ ውሸት ነው። ጀልባዋ ልትጠገን ትችል ነበር፤ እንጨት ሞልቷል፤ እሷም አልከለከለችም። እሱ ራሱ ነው «ይህ ክረምት ይለፍ» እያለ ክረምት በክረምት ላይ የደረበው። ሰው ነው፤ ድንጋይ አይደለም። በለሱ በዓመት ሁለቴ ያፈራል፣ ዓሣው ራሱ ወደ እጅ ይመጣል፣ የሚያቅፍህ ገላ ደግሞ እርጅናን አያውቅም። እኔን ብትጠይቁኝ፣ የጠየቀኝ የለም እንጂ፣ ይህን እንቢ የሚል ሞኝ ነው ባይ ነበርኩ።

ግን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከዋሻው ይወጣና እኔ ዓሣ የምጠብስበት ድንጋይ ላይ መጥቶ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ያ ዝምተኛ ሰው አፉ ይፈታል። ስለ ቤቱ ነው የሚያወራው። በሩን ከመርከብ ስባሪ ሳንቃ እንደሠራው፣ ዝናብ ሲመታው እንደሚያብጥ። የበለሱ ሥር የደጁን ደረጃ እንደፈነቀለው። ወይኑ ከድንጋይ ድንጋይ እየተሳበ እንዴት እንደሚያፈራ። ከሁሉ አብልጦ ግን በሩን። ያንኑ በር ማታ ማታ ይከፍትብኛል፣ ይዘጋብኛል።

«በሩን ሰማሁ» እለዋለሁ። «ገባን፣ ወጣን። ሌላ ነገር አውራ።»

«ሲያብጥ እኮ ዝም ብሎ አይከፈትም። ከፍ አድርገህ በትከሻህ...»

«በትከሻ ነው፤ ሰምቻለሁ!»

ስለ ሚስቱ ግን አንድ ቀን አላወራም። ፊሊስታ የሚል ስም ከአፉ አልወጣም። አንድ መኸር አብሯት ቢኖር ነው፣ ምን ያህል ይለምዳታል፣ ረስቷታል ብዬ ተውኩት።

አንድ ቀን እመቤቲቱ ዓሣ ወደማጸዳበት መጣች። ቢላዬ ከእጄ ወደቀ።

«ማታ ማታ ምን ይነግርሃል?» አለችኝ።

«ስለ በር፣ እመቤቴ።»

«ስለ በር ብቻ?»

«ስለ በለስና ስለ ወይንም አለ። አብዛኛው ግን በር ነው።»

ፊቷ ፈካ። ሌላ ነገር ፈርታ ነበር መሰለኝ። «በር ቀላል ነው» አለች። ጥቂት ቆይቶ የዋሻው አፍ ላይ በር ቆሞ አየን። ከእኛው ጀልባ ሳንቃ የተሠራ፣ መልኩ፣ ቁመቱ፣ ልክ እሱ እንደሚያወራው። ዝናብ ሲመታው እንኳ እንደዚያኛው ያብጣል። ዴክሲዮስ ዞሮ ዞሮ አየው፤ ዳሰሰው፤ ከፍ አድርጎ በትከሻው ገፋው። ተከፈተ። ውስጡን ተመለከተ፤ ከዚያ ዘጋውና መጥቶ ከእኔ ጋር ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ያን ቀን ምንም አላወራም። እኔም ከእንግዲህ ስለ በር ከመስማት ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ።

በሚቀጥለው ፀደይ፣ አገር ቤት ለሙታን መቃብራቸው ላይ ወይን በሚፈስበት ሰሞን፣ ጠዋት ውኃ ልቀዳ ብወርድ ምንጩ ቀልቶ አገኘሁት። ደም መስሎኝ ጮኽኩ። እመቤቲቱ ወጣች፤ ዴክሲዮስም ከኋላዋ። ጣቷን ነክራ ቀመሰችና ፊቷ እንደ ሰው ፊት ተለወጠ።

«ደም አይደለም» አለች። «ወይን ነው፤ ማርና ወተትም አለበት። ላንተ የፈሰሰ ነው፣ ዴክሲዮስ። መሬት ውስጥ ወርዶ የሙታን አገር ሐዴስ ድረስ ፈልጎ ሲያጣህ፣ ያለህበት ቦታ ወጣ።»

«ማን ነው ለእኔ የሚያፈሰው?»

«ሰዎችህ ናቸዋ። መቃብርህ ላይ ነው ያፈሰሱት። ቀብረውሃል።»

ተንበረከከ። እንደ በሬ አፉን ውኃው ውስጥ ከትቶ ጠጣ። ቀና ሲል ጢሙ ርሷል።

«የእኔ ወይን ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ማሩ የጦስኝ ነው። አብዝታዋለች። ሁልጊዜ ታበዛዋለች።»

እኔም ጎንበስ ብዬ ቀመስኩ። ለእኔ ውኃ ነበር፤ ቀዝቃዛ፣ ሌላ ምንም የሌለበት የምንጭ ውኃ። ለሌላ ሰው የፈሰሰ ነገር በእኔ ጉሮሮ አይጣፍጥማ። አፌን ጠረግኩ፤ ከፍቶኛል። በጣም ከፍቶኛል።

እመቤቲቱ አጠገቡ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እንዲህ ዝቅ ብላ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«እስከዛሬ አልለመንኩህም፤ ዛሬ ልለምንህ» አለችው። «እዚያ ሞተሃል። አልቅሰው ጨርሰዋል። የሚጠብቅህ የለም፤ ሙት አይጠበቅም። ከእኔ ጽዋ ብትጠጣ ደግሞ እዚህ ሞት አያገኝህም። ፀጉርህ አይሸብትም፣ ጉልበትህ አይከዳህም። እዚያ ሙት፣ እዚህ የማትሞት። ምኑ ነው የሚያወላውልህ?»

«የሚያፈስልኝ ሰው አለ።»

«የሚፈሰው ለሙት ነው!»

«ሙቱ እኔ አይደለሁ?»

«አንተ ሞኝ» አለች፤ እንደ ቁጣ ግን አልነበረም። «የተቀበረ ሰው በበሩ አይገባም። ሕጉ የእናንተው ነው፣ የእኔ አይደለም። ሄደህ ደጃፍ ላይ ትቀራለህ። ያን ጊዜ እኔንም እነሱንም አጣህ።»

«በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ ዴክሲዮስ።

እጇ እንደረጠበ ተነሥታ ሄደች። የማይሞቱት አያለቅሱም ይባላል፤ ያን ቀን ዓይኗን ስላላየሁ አልመሰክርም። ጀልባዋን ስንጠግን ግን ሳንቃ ባነሰን ጊዜ የዋሻውን በር ራሷ ነቅላ አመጣችልን። ገብስ ሰጠችን፣ የደረቀ በለስ ሰጠችን፣ ነፋሱንም አልከለከለችም። እኔ መሄድ አልፈለግኩም ነበር። ማን ይናፍቀኛል? ማንን እናፍቃለሁ? ለእኔ ጽዋ ቀርቦልኝ ቢሆን አንድ ጠብታ ሳላስተርፍ እጠጣው ነበር። ያቀረበልኝ የለም። አህያውም ጌታውን ተከትሎ ሄደ።

አይጊሎስ የደረስነው ረፋድ ላይ ነው። ሴቶች ዳርቻው ላይ መረብ ያሰጣሉ። እኔን ሲያዩ «ውይ፣ ስሚክሮስ! ከየት ተገኘህ? ደግሞ ወፍረህ!» አሉኝ። ዴክሲዮስ ከኋላዬ ሲወርድ ግን አንዷ ጮኸች፤ ሌሎቹ ፊታቸውን ሸፍነው፣ ክፉ እንዳይነካቸው ደረታቸው ላይ እንትፍ እንትፍ አሉ። እኔ ወደ ጎጆዬ ሄድኩ። የጎረቤት ፍየሎች ተኝተውበታል፤ አባረርኳቸውና ገባሁ። በቃ። ማንም ስላልቀበረኝ ማንም አልከለከለኝም። ከዚያ ጩኸቱ ሲበረታ ወደ ዴክሲዮስ ደጅ ሮጥኩ።

ፊሊስታ በሩ ላይ ቆማለች። ለመቃብሩ የተላጨችው ፀጉር አድጎ ትከሻዋ ደርሷል። ዴክሲዮስ በለሱ ሥር ሲደርስ ቆመ።

«ፊሊስታ» አለ። በዚያ ሁሉ ዓመት ስሟን ሲጠራ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

«ከስተሃል» አለችው። እጇን ዘረጋች።

«አትንኪው!»

እማማ ክሪቶላ ናቸው። የምድጃ አምላክ የሔስቲያን እሳት ለደሴቲቱ የሚጠብቁ፣ ያላገቡ ያልወለዱ አሮጊት፤ ምላሳቸው ከበትራቸው ይብሳል። በትሩን በሁለቱ መካከል ወርውረው እያለከለኩ ደረሱ።

«እማማ፣ እኔ ነኝ፤ ዴክሲዮስ።»

«ማን እንደሆንክማ አውቃለሁ። በጉን ያረድኩልህ እኔ ነኝ። ሙት ነህ። ሙት ይህን ደፍ ከረገጠ የምድጃው እሳት ይጠፋል፤ የዚህ ቤት ብቻ አይደለም፣ የሁላችንም።»

«ይኸው ቆሜ እየተናገርኩ!»

«ከተቀበሩ በኋላ ቆሞ መናገር ምን ይጠቅማል?»

ዴክሲዮስ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። ከእሱ በቀር የሳቀ አልነበረም።

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለች ፊሊስታ።

«ይወለዳላ! እንደ ማንም ሰው። ከሴት ቀሚስ ሥር ይወጣል፣ ያለቅሳል፣ እንደ እትብት የታሰረበት ክር ይቆረጣል፣ ይታጠባል፣ ይጠቀለላል። ያን ጊዜ ሰው ነው።»

«ማን ትውለደው?»

ክሪቶላ በትራቸውን አንሥተው ተደገፉት። ድምፃቸው ለዘብ አለ። «እናቱ ብትኖር ደግማ ትወልደው ነበር። እኅት የለውም። የዚህ ምድጃ ሴት አንቺ ብቻ ነሽ።»

«እኔ እወልደዋለሁ።»

«የወለደችው እናቱ ናት፣ ልጄ። እናት ሚስት አትሆንም። ቤቱን፣ ወይኑን፣ ስሙን ያገኛል፤ አንቺን ግን እማዬ ይልሻል።»

አሮጊቷ ቀጠሉ፦ «የሌላ ቤት ሴትም ልትወልደው ትችላለች። ያን ጊዜ የዚያ ቤት ልጅ ይሆናል። ዴክሲዮስ ድንጋዩ ሥር እንደተቀበረ ይቀራል፤ አንቺን እንደ ማንኛውም ባዕድ መጥቶ ሊያገባሽ ይችላል። አንቺ ከዚህ ስትወጪ ቤቱም ወይኑም ለአጎቱ ልጅ ነው። ወይ ቤቱን፣ ወይ ሴቲቱን። ሐዴስ ሁለቱንም አይመልስም።»

ዴክሲዮስ ከደፉ ወዲህ በለሱ ሥር ተኛ። ፊሊስታ ዳቦና ወይራ አጥሩ ላይ ታስቀምጥለታለች፤ ከእጅ ወደ እጅ አይሆንም። እሷ ከገባች በኋላ መጥቶ ያነሣል። የአጎቱ ልጅ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን በየቀኑ ምክንያት ፈልጎ በዚያ መንገድ ያልፋል። ምረጥ ሲሉት ዴክሲዮስ አይናገርም። ሆድ ከአገር ይሰፋል ይባላል፤ የእሱ ሆድ ከባሕርም ይሰፋ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ዘነበ፤ ልብሱ በስብሶ ይንቀጠቀጣል። አጠገቡ ብደርስ ወደ ቤቱ ጠቆመኝ።

«አየህ» አለኝ። «አብጧል።»

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። «እንመለስ» አልኩት።

«ወዴት?»

«ወደ እሷ ነዋ! ጀልባዋ አለች። እዚያ ማንም ሙት አይልህም። አጥር ላይ እንደ ውሻ እየተጣለልህ ከምትኖር፣ ሂድና ጽዋህን ጠጣ!»

ባሕሩን አየ። «አስቤበታለሁ» አለ። «ትላንት ጀልባዋ ድረስ ወርጄ ነበር። ገፍቼ ውኃ ውስጥ አገባኋት። አንድ እግሬ ውስጥ ነበር።»

«እና ምን መለሰህ?»

«ዞር ስል ቤቱ ውስጥ መብራት በራ።»

ያው ቤቱ ነው አልኩ በልቤ።

በማግስቱ ፊሊስታ ወደ ጎጆዬ መጣች። ፍየሎቹን ሳባርር አገኘችኝ።

«ስሚክሮስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትዋሸኝ።»

«ዋሽቼ የማገኘው ነገር የለም።»

«ስለ ሌላይቱ አልጠይቅህም፤ እሱ ይወቀው። ግን የናፈቀው ምን ነበር? ስለ ምን ያወራ ነበር?»

ምን ልበላት? እኔ ቀዛፊ ነኝ፣ ጠንቋይ አይደለሁም፤ ጆሮዬ የሰማውን ነገርኳት። ቤቱን አልኳት። በሩን፣ በለሱን፣ ወይኑን።

«ስለ እኔስ?»

አንዷ ፍየል ተመልሳ ልትገባ ነበር፤ እሷን አባረርኩ። «እሱ ነገር አያበዛም» አልኩ።

«ስለ በር ግን ያበዛል» አለች። አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። መጎናጸፊያዋን አስተካከለች። «እንግዲያው ቤቱን ይውሰድ። ከማይሞት ገላ ተነሥቶ የመጣው ለእሱ ከሆነ፣ እኔ ማነኝ የምከለክለው? ወልጄ እሰጠዋለሁ።»

«እናቱ ትሆኛለሽ እኮ!»

«ሲበላ አየዋለሁ አይደል? ሲገባ ሲወጣ አየዋለሁ። ለድንጋይ ከማፍሰስ ይሻላል።»

በማለዳ ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ወንድ እዚያ አይቆምም፤ እኔ ግን ከአጥሩ በስተጀርባ ነበርኩ፣ ቁመቴ እዚህ ላይ ጠቀመኝ። ፊሊስታ መወሰኗን ለዴክሲዮስ ነገሩት። ልብሱን አውልቆ፣ ወገቡ ላይ በቀረች ጨርቅ ደረጃው ሥር ተጋደመ። ክሪቶላ የቀይ ሱፍ ክር አምጥተው አንዱን ጫፍ በእሱ ወገብ፣ ሌላውን በፊሊስታ ወገብ አሰሩ። በሩ ተከፍቷል፤ ከተጋደመበት ሆኖ ምድጃው ይታየዋል። ፊሊስታ እግሯን አንፈራጣ በላዩ ቆመች፤ ቀሚሷን ዘርግታ ሸፈነችው።

የምስቅ መስሎኝ ነበር። ጢማም ሰውዬ ከቀሚስ ሥር! ፊሊስታ ማማጥ ስትጀምር ግን ሳቄ ከየት ይምጣ። ወልዳ የማታውቅ ሴት ናት፤ ያ ምጥ ግን የውሸት አልነበረም። የበሩን መቃን ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ በሆዷ ይዛ ያቆየችውን ባል አምጣ አወጣችው። ዴክሲዮስ በደረቱ ተስቦ ከእግሮቿ መካከል ወጣ፤ በጀርባው ተገለበጠ፤ ፀሐይ ፊቱን መታው።

«ያልቅስ! ያልቅስ!» አሉ ሴቶቹ።

አላለቀሰም።

ክሪቶላ ቢላቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። «አልቅስ። ካላለቀስክ ሞቶ የተወለደ ነህ፤ ክር አልቆርጥም።» ውስጥ እግሩን በበትራቸው መቱት። ዝም። ደግመው መቱት። ዝም። «ዝም አይነቅዝም ያለህ ማነው? አልቅስ አንተ!»

ዓይኑ በሩ ውስጥ ነበር። ምድጃውን አየ፤ ግድግዳው ሥር የተደረደሩትን ጋኖች አየ፤ መቃኑን ከታች እስከ ላይ አየው። ከዚያ አንገቱን አዙሮ ፊሊስታን አያት። ላቧ ይንጠባጠባል።

«አላለቅስም» አለ።

«አልቅስ እንጂ!» አለችው። «ቤትህ ነው፤ ይኸውልህ! ሁሉን ትተህ የመጣኸው ለእሱ አይደል? ስሚክሮስ ነግሮኛል። በሩን፣ በለሱን፣ ሁሉን። እኔን አንድ ቀን እንዳላነሣኸኝም ገብቶኛል።»

ዴክሲዮስ ቀና ብሎ አጥሩን አየ። ዝቅ አልኩ።

«ስሚክሮስ ስለ ዓሣ ይጠየቅ!» አለ። ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «ስምሽን የት ልጥራው? ከሌላ ሴት አልጋ ተነሥቼ፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጬ፣ ፊሊስታ ልበል? አፍሬ ነው። አንቺን ማውራት ባፍር በሩን አወራሁ። ያን በር ስገፋው ከውስጥ ያለሽው አንቺ ነሽ። ለበርማ እዚያም በር ተሠርቶልኝ ነበር። ከፍቼ አየሁት፤ አልነበርሽም።»

ፊሊስታ የበሩን መቃን ለቀቀች።

«እማዬ አልልሽም» አለ። ቀዩን ክር ይዞ በጥርሱ በጠሰው።

ሴቶቹ ጮኹ። እሱ ግን ተነሥቶ ከግቢው ወጣ፤ ክሪቶላ ተከትለውት ሲወጡ መንገዱ ላይ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። «እማማ፣ እርስዎ ይውለዱኝ።»

«እኔ?» አሉ ክሪቶላ። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ሲባል ሰምቻለሁ፤ የጨነቀው ከአሮጊት ይወለዳል ሲባል አልሰማሁም። አንተ ሰው፣ ጎጆዬ ታፈሳለች። ከጨው ሜዳ በቀር መሬት የለኝም። የእኔ ልጅ ከሆንክ የምትወርሰው ይህን በትር ነው።»

«ይበቃኛል።»

«ወይኑን በሩቅ ታየዋለህ። ቢቀጥሩህ ትሠራበታለህ፤ ካልቀጠሩህ አትረግጠውም። የአባትህ መቃብር የሌላ ሰው አባት መቃብር ይሆናል። ይህን በር ዳግመኛ አትገፋውም። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ» አለ፤ ወደ በሩ ግን አልዞረም። መዞር የፈራ መሰለኝ።

ክሪቶላ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ምን ትገተራላችሁ? ኑ ያዙኝ እንጂ! በዚህ ዕድሜዬ ብቻዬን ላምጥ?»

ቀዩን ክር በእሳቸውና በእሱ ወገብ አሰሩና በሁለት በኩል ደገፏቸው። እዚያው መንገዱ ላይ፣ አቧራው ላይ ወለዱት። «ኡፍ» ብቻ ነው ያሉት። ዴክሲዮስ ከዚያች አሮጌ ቀሚስ ሥር ወጣና ለሕጉ ያህል ትንሽ ድምፅ አሰማ። ለሕጉ ያህል ብቻ መስሎን ነበር። ከዚያ ግን ከሆዱ ወጣ። እንደዚያ ሲያለቅስ የሰማሁት ሰው የለም፤ ባሕሩ ጓደኞቻችንን ሲወስድም እንደዚያ አላለቀሰም። ክሩን ቆረጡ፤ እሱ ያለቅሳል። በወይን ጠጅና በውኃ አጠቡት፣ ጠቀለሉት፣ ክሪቶላ በአባታቸው ስም ጎርጎስ አሉት፤ አሁንም ያለቅሳል። የአጎቱ ልጅ በዚያ እያለፈ ነበር፤ ቆሞ እግሩን አየ። እኔም ከአጥሩ በስተጀርባ መቆም አቃተኝ፤ ተቀመጥኩ።

«በቃህ እንግዲህ፣ ተወልደሃል!» አሉት ክሪቶላ፤ በትራቸው ግን አልተነሣም።

ፊሊስታ ደፉን ተሻግራ ወጥታለች። ከቤቱ ምንም አልያዘችም። መንገዱ ላይ መጥታ ተቀመጠች፤ አሁን የሚከለክላት የለም፤ ራሱን አንሥታ ጉልበቷ ላይ አደረገችው።

«ይተዉት፣ እማማ» አለች። «ያልቅስ። ቤቱ እኮ ነበር።»